አዲስ አበባ ዙሪያ በመንጠቆ አሳ ለማጥመድ፦ መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ ወሩን እወቁ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መንጠቆ ቁጥርና ስለ ክር ውፍረት ነው። እመልሳለሁ፣ ታች ላይ አለ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። ውሃው የማን ነው? አሳውስ በዚህ ወር ምን ላይ ነው? እነዚህን ሳታጣሩ ዘንግ ይዛችሁ ከወጣችሁ ወይ ከጥበቃ ጋር ትጨቃጨቃላችሁ፣ ወይ ሊወልድ የደረሰ አሳ ታወጣላችሁ።

ብዙዎች የሚፈልጉት አንድ ወረቀት ነው። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ዝግ ነው» የሚል፣ ለመላው አገር የሚሠራ። እኛ ጋ ነገሩ እንደዚያ አይሄድም። ፌዴራሉ ጥቅሉን ሕግ ያወጣል፣ ክልሉ ይዘረዝረዋል፣ የዕለት ተዕለቱ ነገር ግን ውሃው ዳር ባለው ወረዳና በአስጋሪዎች ማህበር እጅ ነው። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው ነገሩ።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚህ የማወራው ከከተማው ጫፍ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ስለሚቻልባቸው ውሃዎች ነው። ጣናን እና ባሌን መጨረሻ ላይ በጨረፍታ አነሳቸዋለሁ።

አንድ፦ ውሃው የማን እንደሆነ አጣሩ

ዋናው ሕግ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። የአገሪቱን አሳ በሙሉ የሚመለከት ጥቅል አዋጅ ነው። ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። በመርዝና በፈንጂ አሳ መያዝን ይከለክላል። በሕይወት ያለ አሳን ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ መውሰድንም እንደዚሁ። የአሳ ሀብት ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው ደግሞ ሥልጣን ተሰጥቶታል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ላይ መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን የማስተዳደሩን ሥራ ለክልሎች ሰጥቷል፣ ፌዴራሉ በሚያወጣው ሕግ መሠረት። በተግባር ይህ ማለት ከአዲስ አበባ ትንሽ ወጣ ስትሉ የኦሮሚያ ደንብ ውስጥ ናችሁ ማለት ነው። «ትንሽ» ስል ቀልዴን አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን ሁሉ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ከእኛ ሰፈር ታክሲ ይዞ ገላን መድረስ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ሄዳችሁ ያገኛችሁት መልስ ገላን ላይ አይሠራም።

አሁን ውሃ በውሃ እንሂድ።

ለገዳዲ፣ ድሬ እና ገፈርሳ፦ ተዉት። እነዚህ የከተማው የመጠጥ ውሃ ግድቦች ናቸው። ጥበቃ አላቸው፣ መኖርም አለበት፣ እናንተም እኔም የምንጠጣው ነው። «ልጆች ሲያጠምዱ አይቻለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ ፈቃድ አይደለም።

አባ ሳሙኤል፦ በአቃቂ በኩል ቅርብ ስለሆነ ያጓጓል። ጣሊያን ያስጀመረው የመብራት ኃይል ግድብ ነው፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ውሃው ግን የትልቁና የትንሹ አቃቂ ውሃ ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ በሙሉ እዚያ ይጠራቀማል። እዚህ ያለው ችግር ከደንቡም በላይ ነው። ከዚያ የወጣ አሳ ማዕድ ላይ መቅረብ የለበትም። በቃ።

ቢሾፍቱ፦ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው፣ ዳራቸው ገደል ነው፣ ከዳር ጥቂት እርምጃ ወጣ ሲል ይጠልቃል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው አሳ አላቸው። ዳር ዳሩን ሆቴልና ሪዞርት ይዞታል፣ ስለዚህ እዚህ ሁለት ፈቃድ ነው የሚያስፈልገው፣ የመሬቱ ባለቤት ፈቃድና የአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ። የሪዞርቱ አስተናጋጅ «ችግር የለም» ስላለ ብቻ ችግር የለም ማለት አይደለም፣ እሱ ሊፈቅድላችሁ የሚችለው ወንበሩን ነው። ሆራ ላይ ደግሞ የኢሬቻ ሰሞን ጭራሽ ዘንግ አትያዙ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሕዝቡ የሚያመሰግንበት ውሃ ነው፣ የሚከለክል ወረቀት ኖረም አልኖረም መንጠቆ መጣል ነውር ነው።

አዋሽ ከመልካ ቁንጥሬ ወዲህና ወዲያ፦ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ወንዝ ነው፣ ቢልጫና አምባዛ የሚባሉ አሳዎች አሉት። የወንዝ አሳ ከሐይቅ አሳ ይልቅ በወቅት የሚጎዳ ነው፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ እመለስበታለሁ።

ቆቃ፦ በ1960 (እ.ኤ.አ.) በአዋሽ ላይ የተሠራ ግድብ ነው። ብዙ አስጋሪ አለ፣ ማህበራት አሉ፣ የሚጠየቅ ሰው ይገኛል። ጉማሬና አዞም አሉ። ዝዋይ (ደምበል) ከእሱ ይርቃል፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማለዳ ከወጣችሁ ግን ይሆናል።

የግል ኩሬ፦ ሰበታና ሆለታ መስመር ላይ አሳ የሚያረቡ ገበሬዎች አሉ። ሰበታ ላይ የአገሪቱ የአሳና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ስላለ አካባቢው ለአሳ እርባታ አዲስ አይደለም። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ይሄንን ነው። ባለቤቱን ታናግራላችሁ፣ በኪሎ ትከፍላላችሁ፣ መወርወር ትለማመዳላችሁ። የወቅት ጣጣ የለም፣ የሚያረባው እሱ ነውና መቼ መያዝ እንዳለበትም እሱ ያውቃል።

ሁለት፦ ሄዳችሁ ጠይቁ

በስልክ አይሆንም። ወይም ይሆናል፣ ግን የሚያነሳው ሰው ጉዳዩን አያውቀውም፣ «ነገ ደውል» ይላል፣ ነገም እንደዚያው። በሥራ ቀን ጠዋት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ የአሳ ሀብት ባለሙያውን ጠይቁ። ባለሙያው መስክ ወጥቶ ከሆነ መቼ እንደሚመለስ ጠይቃችሁ ስልኩን ተቀበሉ። የከተማ አስተዳደር ውስጥ ከሆነ የከተማ ግብርና የሚባለው ክፍል ነው።

ምን ትላላችሁ? ነገሩን አታክብዱት። «ጋሼ፣ እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ ለመዝናናት በአንድ ዘንግ ማጥመድ ፈልጌ ነው፣ እዚህ ውሃ ላይ ይፈቀዳል?» በቂ ነው። ከዚያ አራት ነገር አጣሩ፦ በዚህ ሰሞን የተዘጋ ቦታ አለ ወይ፣ ስንት አሳ ወይም ስንት ኪሎ መያዝ ይቻላል፣ የማይነካ የአሳ ዓይነት ወይም መጠን አለ ወይ፣ ውሃው ዳር ስንደርስ ለማን እናሳውቅ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ወረዳው ፈቅዶ ማህበሩ ካላወቀ ውሃው ዳር ሰላም አታገኙም።

ማህበሩን ስታናግሩ ሰዎቹ ከዚህ ውሃ የሚኖሩ መሆናቸውን አትርሱ። እናንተ ቅዳሜን ለማሳለፍ ነው የመጣችሁት፣ እነሱ ለእንጀራ። ዕድሜ የጠገበ አስጋሪ አግኝታችሁ «አባባ፣ አሁን የት ነው የማይጣለው?» ብላችሁ ጠይቁ። «የት ነው የሚያዘው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰዎቹ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስትጠይቁ ፊታቸው ይፈታል። ከዚያ ሁለተኛውን ሳትጠይቁ ይነግሯችኋል።

ወረቀት የሚሰጡ ከሆነ ተቀበሉ፣ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የማይሰጡ ከሆነ የፈቀደላችሁን ሰው ስምና ኃላፊነት ጻፉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የያዛችሁትን ሁለት ኪሎ እንኳ ለጎረቤት ምግብ ቤት ከሸጣችሁ መዝናናት ቀርቷል፣ ለገበያ ማስገር ሆኗል፣ እሱ ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሦስት፦ ወሩን እወቁ

እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የተከለከለ ወቅት የሚባለው ነገር ትርጉም የሚሰጠው አሳው የሚያደርገውን ስታውቁ ነው። ደንብ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው። ደግሞም ወረዳው ምንም ባይላችሁ እንኳ ራሳችሁን መከልከል የምትችሉት ይሄን ካወቃችሁ ነው።

በእኛ አካባቢ ውሃ ሦስት ዓይነት አሳ ነው በብዛት መንጠቆ ላይ የሚመጣው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ። ካርፕም አለ፣ እሱ ከውጭ የመጣ ነው። ሦስቱ የሚራቡበት መንገድ አይገናኝም፣ ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ የዝግ ወቅት ሊኖር አይችልም።

ቢልጫ የዝናብ አሳ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዝ ወደ ላይ ይወጣል። ጠጠር ያለበት፣ ውሃው የሚሮጥበት፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል። ችግሩ ከመውጣቱ በፊት ነው። ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል፣ አንድ ላይ ይከማቻል። መረብ የያዘ ሰው እዚያ ቆሞ የአንድ ዓመት ትውልድ በአንድ ሌሊት ሊጠርግ ይችላል። ጣና ላይ የሆነው ይሄው ነው። በሞተር ጀልባ መረብ መጣል ከተጀመረ በኋላ የጣና ትልልቅ ነጭ አሳዎች (የቢልጫ ዘመዶች ናቸው)፣ ብዙዎቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሥር ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ያህል ቀነሱ። አጥኚዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በዋናነት እነዚህ የወንዝ አፎች ላይ በእርባታ ሰሞን የሚጣለው መረብ ላይ ነው።

አንድ ዘንግ ያን ያህል አያጠፋም ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ አያጠፋም። ግን አዋሽ ጣና አይደለም፣ ጠባብ ነው። ክረምት ላይ አንድ ጠጠራማ ቦታ ላይ የተሰበሰበው አሳ የዚያ ወንዝ ክፍል ወላጅ በሙሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእኔ ደንብ ጥብቅ ነው፦ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ወንዝ ላይ አልወርድም። የወንዝ አፍ ላይም እንደዚሁ። ወረዳ ቢፈቅድም። ሲጀመር በሐምሌና በነሐሴ አዋሽ ዳር መቆም ለነፍስም ጥሩ አይደለም፣ ላይ የዘነበው ሳታዩት ይደርሳል።

አምባዛ ትንሽ ቀደም ይላል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጥሎ ሐይቁ ዳር ያለው ሳር በውሃ ሲሸፈን፣ ማታ ማታ ወደዚያ ጥልቀት ወደሌለው ውሃ ይወጣል። እንቁላሉን ሳሩ ላይ ይለጥፋል። ቆቃና ዝዋይ ዳር በሰኔ ማታ ባትሪ ብታበሩ ሳሩ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፣ ጀርባው ከውሃ በላይ ነው። ያኔ በዱላም በእጅም ይያዛል፣ ለዚህ ነው ሰው የሚፈተነው። አትንኩት። በመንጠቆ መያዝ ከፈለጋችሁ ከኅዳር በኋላ ጥልቅ ውሃ ላይ ያዙት፣ ጉበት ወይም የዶሮ አንጀት ካሳያችሁት አይምራችሁም።

ቆሮሶ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ዓመቱን ሙሉ ይራባል፣ ግን የሚበረታበት ሰሞን አለው። ሐዋሳ ላይ የተጠናው ሁለት ጊዜ እንደሚበረታ ነው የሚያሳየው፦ ከጥር እስከ መጋቢት፣ እንደገና ከሐምሌ እስከ መስከረም። ሌላው ሐይቅ በራሱ ውሃ ሙቀትና ዝናብ ወዲህ ወዲያ ይላል። አሁን ይሄን ከዐቢይ ጾም ጋር አስቀምጡት። 55 ቀን ነው። ሥጋ የለም፣ አሳ የሚበላው ብዙ ነው፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ መረቡ በዝቶ ይወርዳል። ቆሮሶ ጎጆ በሚሠራበት ሰሞን ገበያው ይከፈታል ማለት ነው። እኔ ይሄ አሠራር ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ ማንም ሆን ብሎ ያቀደው አይደለም፣ ግን ለአሳው ከዚህ የባሰ ጊዜ መምረጥ አይቻልም ነበር።

ታዲያ ቆሮሶ እየወለደ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ቀን መቁጠሪያ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ቦታ ፈልጉ፣ ፀሐይ ከኋላችሁ ሆና ውሃውን ተመልከቱ። ሰሃን የሚያክል ክብ ጉድጓድ ተደርድሮ ታያላችሁ፣ ከዙሪያው ይልቅ ነጣ ያለ። ወንዱ የቆፈረው ነው፣ እላዩ ላይ ቆሞ ሌላውን ሲያባርር ይታያል። አገጩና የጎን ክንፎቹ ቀላ ብለው ይሆናል። ሴቷ እንቁላሉን ጥላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። እዚያው አፏ ውስጥ ትፈለፍለዋለች፣ ግልገሎቹም ለቀናት አፏ ውስጥ ይገባሉ ይወጣሉ። አፏ ሙሉ ስለሆነ ብዙ አትበላም፣ መንጠቆም እምብዛም አትነካም። ድንገት ከያዛችኋት ጉሮሮዋ ሥር አበጥ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ከውሃ ስትወጣም ቢጫ እንቁላሎቹን መትፋት ትጀምራለች። ያን ጊዜ የተተፋው ተተፍቷል። እሷን ግን ሳታወጡ ውሃው ውስጥ እንዳለች መንጠቆውን ፈትታችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ወደ ጥልቁ ውሃ ቦታ ቀይሩ። ጎጆ ላይ አትወርውሩ። ጎጆ ጠባቂው ወንድ ሁሉን ነገር ስለሚነክስ ቀላል ነው፣ ግን እሱ ከተነሳ ጎጆው ባዶ ነው።

ለመጣል የሚመቸው መቼ ነው ታዲያ? ለወንዝ ከኅዳር እስከ ጥር። ውሃው ጠርቷል፣ ቢልጫው ከእርባታ ተመልሷል። ብርድ ስለሆነ በማለዳ አትቸኩሉ፣ ከረፋዱ በኋላ ውሃው ሲሞቅ ነው የሚነክሰው። ለሐይቅ ጥቅምት መጨረሻ፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ግንቦትም መጥፎ አይደለም፣ ዝናቡ እስኪጠነክር ድረስ።

ቢሾፍቱ ላይ ግን ብርዱ ሌላ ጣጣ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ንፋሱና ቅዝቃዜው ከታች ያለውን አየር አልባ ውሃ ወደ ላይ ያመጣዋል፣ አሳው በጅምላ ሞቶ ዳር ላይ የሚታይበት ዓመት አለ። ሰው ሲያይ «ተመረዘ» ይላል። ያም ሆነ ይህ፣ ተንሳፍፎ ያገኛችሁትን አሳ አትሰብስቡ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሐይቁን ተዉት፣ የተረፈው ይረፍ።

አራት፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

ለቆሮሶ ቀላል ዘንግ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ክር፣ ከ8 እስከ 12 ቁጥር መንጠቆ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መንጠቆው ያንሳል፣ ሱቅ ላይ እንዳትሳሳቱ። ቡሽ ተንሳፋፊ፣ ትንሽ እርሳስ፣ የምድር ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ። ለአምባዛ ክሩ 0.40 ይሁን፣ መንጠቆው ትልቅ ይሁን፣ አለበለዚያ ይዞባችሁ ይሄዳል።

የመንጠቆውን የኋላ እሾህ በፒንሳ ተጫኑት። ክሩን ካላላላችሁ አሳው አያመልጥም። ለመልቀቅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ መጠምዘዝ ነው። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአሳ ጉዳት ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

በሕይወት ያለ ትንሽ አሳ ለማባበያ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው አትውሰዱ። ሕጉም ይከለክላል። ባልዲ ውስጥ ያለው ግልገል ምን እንደሆነ አታውቁትም፣ አምልጦ የገባው ደግሞ አይመለስም። እምቦጭም እንደዚሁ ነው። ቆቃ የእምቦጭ ቤት ከሆነ ቆይቷል፣ ጫማችሁና የአሳ መያዣ መረባችሁ ላይ ተጣብቆ ቢሾፍቱ ድረስ አብሯችሁ እንዳይሄድ ዳር ላይ አራግፉ፣ ቤት ስትደርሱ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ።

ብርብራ? አይሆንም። ፍሬውን ወቅጦ ውሃ ላይ በትኖ አሳ ማደንዘዝ የቆየ ዘዴ ነው፣ ሽማግሌዎች በኩራት ይተርኩታል። ግን መርዝ ነው፣ የተከለከለ ነው፣ ትልቁን ትንሹን ሳይል ነው የሚጨርሰው።

አምስት፦ ውሃው ዳር

ደረሳችሁ። መጀመሪያ እንድታሳውቁት የተባላችሁትን ሰው አግኙና ሰላምታ ስጡ። ከአስጋሪዎች ጀልባ ማረፊያና ከተዘረጋ መረብ ራቁ። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ አይቀርም። መንጠቆ ወደ ኋላ ስትወረውሩ ዓይን አለ፣ ዞር ብላችሁ እዩ።

ለመጠን እኔ የምጠቀመው ስንዝር ነው። ከስንዝር በታች የሆነ ቆሮሶ ይመለሳል፣ ያለ ክርክር። ወረዳው ከዚያ የበለጠ ካለ የወረዳው ይሁን። እጃችሁን ሳታርሱ አሳ አትያዙ፣ ደረቅ እጅ ገላውን የሚሸፍነውን የሚያዳልጥ ልባስ ያነሳዋል፣ በዚያ በኩል በሽታ ይገባበታል። የጀርባውን እሾህ ከራሱ ወደ ጭራው አስተኝታችሁ ያዙት፣ አለበለዚያ መዳፋችሁ ውስጥ ነው የሚገባው። አምባዛ ደግሞ የጎኑ እሾህ ኃይለኛ ነው፣ ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት አይሞትም፣ ሞተ ብላችሁ እጃችሁን አትስደዱ።

የሚለቀቀውን አትወርውሩት። ውሃው ውስጥ ያዝ አድርጉት፣ ራሱ ሲፈልግ ይሄዳል። የሚበላውን ደግሞ አታሰቃዩት፣ ወዲያው ጨርሱት፣ በረዶ ላይ አስቀምጡት። የፍጥነት መንገዱ ላይ በቀትር ፀሐይ በመኪና ኋላ የመጣ አሳ ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጉማሬ ያለበት ውሃ ላይ፣ ቆቃም ሆነ ዝዋይ፣ ከመጨለሙ በፊት ተነሱ። ማታ ሳር ለመጋጥ በዚያው ዳር ነው የሚወጣው፣ መንገዱ ላይ ቆማችሁ አይጠብቃችሁም።

ስድስት፦ ልበላው ወይስ ልተወው

ቆቃ ላይ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ዳሩ ላይ ወፍራም ነገር ከተንሳፈፈ የዚያን ቀን አሳ ለመብላት አትያዙ። አልጌው መርዝ የሚያመነጭ ዓይነት አለው። ከሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች የሚወርደውም ወደዚያው ነው። ውሃው ጠርቶ በሚታይበት ቦታና ወቅት የተያዘ ቢሆንም ጉበቱንና የሆድ ዕቃውን ጣሉ፣ ሥጋውን ብቻ ብሉ። ጥሬ አሳ የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ፣ ዳጣ አድርገው፣ ሎሚ ጨምቀው። የከተማ ዳር ውሃ አሳ ለዚያ አይሆንም፣ በደንብ ጥበሱት።

ሰባት፦ ተቆጣጣሪ ወይም ሚሊሻ ከመጣ

አትሩጡ፣ አትቆጡ። ክሩን ሰብስቡ፣ ተነሱ፣ «እንደምን ዋላችሁ» በሉ። ወረቀቱን ወይም የፈቀደላችሁን ሰው ስም አሳዩ። የያዛችሁትን አሳዩ፣ ባልዲ አትደብቁ። «ዛሬ ተዘግቷል» ካሏችሁ ተዘግቷል፣ ምናልባት ትናንት ተወስኖ ይሆናል፣ እሱ ላይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። የገንዘብ ቅጣት ከጠየቁ ደረሰኝ ጠይቁ፣ በትህትና። ደረሰኝ ሲጠየቅ ብዙ ነገር ይረጋጋል።

ራቅ ብላችሁ መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፦ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኝ ውሃ ሁሉ ከወረዳ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቃል። ባሌ ላይ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ የመጣ ትራውት የሚባል አሳ ወንዞቹ ውስጥ አለ፣ ዲንሾ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ጣና ላይ የአማራ ክልል የራሱ ሕግ አለው፣ ክረምት ላይ በተለይ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ሐይቁን የሚገናኙበት አካባቢ ዘንግ ይዛችሁ አትታዩ። ኦሮሚያ ላይ ያገኛችሁት ፈቃድ እዚያ ወረቀት ብቻ ነው፣ ባሕር ዳር ስትደርሱ እንደገና ከክፍል ሁለት ትጀምራላችሁ።